የሕዝብ ትራንስፖርት ጨረታና የዲቢኢ ምስክር ወረቀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በዋሺንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂንያ የጽዳት፣ የጭነት መኪና፣ የኤሌክትሪክ፣ የሕትመት፣ የኮንስትራክሽንና የመሳሰሉት ድርጅቶች ያሏቸው ኢትዮጵያውያን ሊያነሷቸው የሚችሉ ናቸው። መልሶቹ የጠበቃን ምክር አይተኩም። በተለይ የዲቢኢ ደንብ በኦክቶበር 2025 ከመሠረቱ ስለተለወጠ፣ ከዚያ በፊት የተጻፉ ብዙ ማብራሪያዎች ዛሬ አሳሳች ሆነዋል፤ ከወዳጅ የሰሙት ምክርም ቢሆን መቼ የተሰጠ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ዲቢኢ ምንድን ነው?

ዲቢኢ (Disadvantaged Business Enterprise፣ «የተጎዱ ሰዎች ድርጅት» ማለት ነው) በአሜሪካ የፌዴራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚመራ መርሐ ግብር ነው። በማኅበራዊና በኢኮኖሚያዊ ረገድ የተጎዱ ሰዎች በባለቤትነት የያዟቸው አነስተኛ ድርጅቶች፣ በፌዴራል ገንዘብ ከሚሠሩ የመንገድ፣ የአውሮፕላን ማረፊያና የሕዝብ ትራንስፖርት ሥራዎች ተገቢውን ድርሻ እንዲያገኙ ለማድረግ የተቋቋመ ነው። እኛ በአጭሩ «ሜትሮ» የምንለው የዋሺንግተን አካባቢ የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅት ከፌዴራል ትራንዚት አስተዳደር ገንዘብ ስለሚቀበል የዚህ ደንብ ተገዢ ነው። የሜሪላንድ ትራንዚት አስተዳደርም እንዲሁ ነው።

ሜትሮ ራሱ ለዲቢኢ ድርጅቶች የሚያድለው ገንዘብ እንደሌለ ከወዲሁ መረዳት ያስፈልጋል። መርሐ ግብሩ የእርዳታም የብድርም አይደለም። የሚሠራው በግዥ ውስጥ ነው፦ ጨረታ ይወጣል፣ ዋና ተቋራጭ ያሸንፋል፣ ያ ተቋራጭ ደግሞ ከሥራው ከፊሉን ለንዑስ ተቋራጮችና ለአቅራቢዎች ያካፍላል። የአብዛኛው የዲቢኢ ድርጅት ገቢ የሚመጣው ከዚህ ሦስተኛ እርከን ነው።

10 በመቶ የሚባለው ኮታ ነው?

አይደለም፤ ኮታ በደንቡ የተከለከለ ነው። 10 በመቶው በሕግ የተቀመጠ ሀገር አቀፍ ምኞት ሲሆን፣ እያንዳንዱ የትራንዚት መሥሪያ ቤት በአካባቢው ብቁ የሆኑ ድርጅቶችን ብዛትና አቅም ለክቶ የራሱን ግብ ሲያወጣ ቆይቷል። በአንድ ጨረታ ላይ ግብ ተቀምጦለት ግቡን ያላሟላ ዋና ተቋራጭም ቢሆን፣ ከልቡ እንደጣረ በሰነድ ካስረዳ ማሸነፍ ይችል ነበር። «ይችል ነበር» ያልንበት ምክንያት በቀጣዮቹ መልሶች ግልጽ ይሆናል።

ደንቡ ይህን ያህል ጊዜ የተቀያየረው ለምንድን ነው?

የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ለዚህ ዓይነት ድርጅቶች ድርሻ እንዲሰጥ በሕግ ያዘዘው በ1983 መጀመሪያ በተፈረመ የትራንስፖርት ሕግ ነው። ያ ሕግ የአናሳ ዘር አባላትን የሚመለከት ሲሆን ሴቶች በ1987 ተጨመሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የፍርድ ቤት ታሪክ ነው። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሪችመንድ ከተማ፣ ከእኛ በሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለችው የቨርጂንያ ዋና ከተማ ማለት ነው፣ ዋና ተቋራጮች ከግንባታ ውላቸው ቢያንስ 30 በመቶውን ለአናሳ ድርጅቶች በንዑስ ውል እንዲሰጡ የምታስገድድበትን ሥርዓት፣ በዘር ላይ የተመሠረተ አሠራር በጥብቅ መመዘኛ መታየት አለበት ብሎ ሻረ። ከከተማዋ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ ከዋና ውሎቹ ለአናሳ ድርጅቶች የደረሰው 0.67 በመቶ ብቻ እንደነበር ለፍርድ ቤቱ ቀርቧል፤ ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ይህ ንጽጽር ብቻውን ለማስረጃነት አይበቃም አለ። በ1995 አዳራንድ የተባለ የኮሎራዶ የመንገድ ዳር አጥር ተቋራጭ ያቀረበው ክስ ያንኑ ጥብቅ መመዘኛ በፌዴራል መንግሥቱም ላይ አስፈጻሚ አደረገው። እስካሁን የምንሠራበት ደንብ በ1999 የወጣው ለዚህ ውሳኔ መልስ ይሆን ዘንድ ነው።

በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ሁለት የኢንዲያና ድርጅቶች ባቀረቡት ክስ፣ በኬንተኪ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት አንድን ሰው በዘሩ ወይም በጾታው ብቻ «የተጎዳ» ብሎ መገመት ሕገ መንግሥቱን ሊጻረር ይችላል ሲል ለከሳሾቹ የእግድ ትእዛዝ ሰጠ። በ2025 መንግሥት ራሱ ያንን ግምት መከላከሉን ተወ፤ ኦክቶበር 3 ቀን 2025 የወጣው ጊዜያዊ ደንብም በታተመበት ዕለት ሥራ ላይ ዋለ።

በኦክቶበር 2025 በትክክል የተለወጠው ምንድን ነው?

ከዚያ በፊት አንድ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በደንቡ ትርጓሜ የአፍሪካ ተወላጅ የሆነው ኢትዮጵያዊ ስደተኛም የሚካተትበት ማለት ነው፣ ወይም አንዲት ሴት የቡድኑ አባልነታቸውን ካረጋገጡ «በማኅበራዊ ረገድ የተጎዱ» ተብለው ይገመቱ ነበር። ይህ ግምት ተነሥቷል። አሁን ማንኛውም አመልካች፣ ነጭ ወንድም ቢሆን፣ እሱ ራሱ በግሉ መጎዳቱን በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ቢሮም ውሳኔውን በዘር ወይም በጾታ ላይ መመሥረት አይችልም።

ሁለተኛው ለውጥ ቀድሞ ምስክር ወረቀት የነበራቸውን ይነካል። በየስቴቱ ያሉት የምስክር ወረቀት ሰጪ አካላት ሁሉንም ነባር ድርጅቶች በአዲሱ መመዘኛ እንደገና እንዲገመግሙ ታዝዘዋል። የስቴቱ ግምገማ እስኪያልቅ ድረስ መሥሪያ ቤቶች በውሎች ላይ የዲቢኢ ግብ አያስቀምጡም፤ የዲቢኢ ተሳትፎንም ወደ ግባቸው አይቆጥሩም። ስለዚህ ለዓመታት ምስክር ወረቀቱን ፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሰዎች፣ ከቢሮው የሚመጣን ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ሳያዩት ካለፉ ወረቀታቸው ግድግዳ ላይ እንዳለ ሊሰረዝባቸው ይችላል።

ብቁ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

ባለቤቱ የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት መሆን፣ ከድርጅቱ ቢያንስ 51 በመቶውን መያዝና ድርጅቱን በእርግጥ መምራት አለበት። የተጣራ የግል ሀብቱ ከ2,047,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፤ ይህ ጣሪያ በ2024 ከ1.32 ሚሊዮን ከፍ የተደረገ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የሚኖሩበት ቤት ድርሻ፣ በራሱ በድርጅቱ ውስጥ ያለዎት ንብረትና የጡረታ ቁጠባ አይገቡም፤ ሁለተኛ ቤት ወይም አዲስ አበባ ላይ የገዙት አፓርታማ ግን ይገባል። ብዙ ሰው «እዚያ ያለው አይታይም» ብሎ ይተወዋል። የንብረት መግለጫው የሚፈረመው እውነት ስለመሆኑ ቃል ተገብቶ ስለሆነ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ድርጅቱም በዘርፉ «አነስተኛ» ሊባል የሚችል፣ የአማካይ ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢውም በየጊዜው ከሚስተካከለውና 30 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ከሆነው ጣሪያ የማያልፍ መሆን ይኖርበታል።

የግል ታሪክ መግለጫው እንዴት ይጻፋል?

የአዲሱ ደንብ ልብ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጎ ማየቱ ተገቢ ነው። አመልካቹ በትምህርት፣ በሥራ ወይም በንግድ እንዳይራመድ ያገዱትን የኢኮኖሚ ችግሮች፣ ሥር የሰደዱ መሰናክሎችና የተነፈጉትን ዕድሎች በጽሑፍ ያስረዳል፤ ከእሱ ጋር በሚመሳሰል ሁኔታ ላይ ካለ፣ ነገር ግን ካልተጎዳ ሰው ጋር ሲነጻጸርም ምን እንደጎደለው ያሳያል። ከመግለጫው ጋር ወቅታዊ የሀብት መግለጫና ደጋፊ ሰነድ ይያያዛል።

እኛ ስለ ራሳችን ስንናገር ችግርን መዘርዘር ያሳፍረናል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን» ማለት ይቀናናል። ወይም ደግሞ ስደቱን፣ ጦርነቱንና የመጠለያ ጣቢያ ሕይወቱን በስሜት እንተርክና ከንግዱ ጋር ማያያዙን እንረሳዋለን። ገምጋሚው የሚፈልገው ሁለቱንም አይደለም። «በ2014 የ40,000 ዶላር የመኪና ብድር ጠይቄ የብድር ታሪክ የለህም ተብዬ ተከለከልሁ፤ ስለዚህ መኪናውን በከፍተኛ ወለድ ገዛሁ፤ የባንኩ ደብዳቤና የብድር ውሉ ተያይዘዋል» የሚል አንድ አንቀጽ፣ ስለ መከራ ከተጻፉ ሦስት ገጾች ይበልጣል። በሀገር ቤት በሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ ዲግሪው ዋጋ ሳይሰጠው የታክሲ ሹፌር ሆኖ የኖረ ሰው፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የተሰጠውን የአቻነት ግምገማና ያመለከተባቸውን የሥራ መልሶች ካቀረበ ጠንካራ ነገር ይዟል። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ጠይቆ የተከለከለ ተቋራጭም የዋስትና ኩባንያውን መልስ ይፈልግ። መቼ፣ ማን ዘንድ፣ ምን ጠየቁ፣ ምን ተባሉ፣ በዚያ ምክንያት ምን ቀረብዎ፤ እያንዳንዱ ክስተት ለእነዚህ መልስ ካለው መግለጫው ይቆማል።

«ጥቁር ስለሆንሁ» ወይም «ሴት ስለሆንሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አይሠራም። ሌላ ሰው የጻፈውን መግለጫ ስም ቀይሮ ማስገባትም፣ ተመሳሳይ አንቀጽ በሁለት ፋይሎች ውስጥ የተገኘ ዕለት ሁለቱንም ያጠፋል።

ድርጅቱን የጀመርሁት በዕቁብ ገንዘብና ከዘመድ በተበደርሁት ነው። ችግር አለው?

ገንዘቡ ችግር የለውም፤ ችግሩ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ቢሮው ባለቤቱ ለድርሻው የከፈለው ካፒታል እውነተኛ መሆኑን ማየት ስለሚፈልግ «15,000 ዶላሩ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለ ዕቁብ ሰምቶ የማያውቅ ገምጋሚ፣ በአንድ ቀን ባንክ የገባን ብዙ ጥሬ ገንዘብ ሲያይ የሌላ ሰው ድብቅ ድርሻ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ስለዚህ ዕቁብ ምን እንደሆነ በግማሽ ገጽ ያስረዱ፤ የዕቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ እጣው የወጣበትን ቀንና መጠን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ በየወሩ የከፈሉበትን የባንክ መግለጫም ያያይዙ። የዘመድ ገንዘብ ብድር ከሆነ የብድር ውል፣ ስጦታ ከሆነ የስጦታ ደብዳቤ ይኑረው። ዛሬ ተጽፎ የድሮ ቀን የተጻፈበት ውል ግን አያቅርቡ፤ ውሉ ዛሬ የተጻፈ ከሆነ የዛሬን ቀን ይዞ «በ2019 የተሰጠውን ብድር ለማረጋገጥ» ይበል።

የባልና የሚስት የጋራ ገንዘብ ከሆነም ቢሮው ሌላኛው ወገን በድርሻው ላይ ያለውን መብት የተወበትን የተፈረመ ሰነድ ሊጠይቅ ይችላል።

ድርጅቱ በስሜ ነው፤ ሥራውን ግን የሚያውቀው ባሌ ነው። ማመልከት እችላለሁ?

ጥያቄው እንዲህ ከቀረበ መልሱ አይችሉም ነው። ደንቡ የሚያየው በወረቀት ላይ ያለውን 51 በመቶ ብቻ አይደለም፤ ጨረታ የሚገምተው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው፣ ቼክ የሚፈርመውና ከተቋራጭ ጋር የሚደራደረው ማን እንደሆነም ይመረምራል። የድርጅቱ ባለቤት የሆነችው ሴት ኤሌክትሪክ ራሷ መዘርጋት አይጠበቅባትም፤ ነገር ግን የሠራተኞቿን ሥራ የመመዘንና ውሳኔ የመስጠት ዕውቀት ሊኖራት ይገባል። ቢሮው በአካል ወይም በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ስለሚያደርግ፣ ስለ ዋጋ አገማመት ስትጠየቅ ዘወር ብላ ባሏን የምታይ ባለቤት ማመልከቻዋ የዚያኑ ዕለት ያበቃል። በሌላ በኩል ሒሳቡን፣ ጨረታውንና ደንበኛውን ለዓመታት ስትመራ ኖራ፣ በልማድ ግን «የእሱ ድርጅት ነው» የምትል ሴት ብዙ ጊዜ ታጋጥማለች። እንዲህ ያለችው ከማመልከቷ በፊት የኤልኤልሲውን የውስጥ ስምምነትና የባንክ ፊርማውን ከእውነታው ጋር ታስማማ።

የት ነው የማመለክተው?

ዋና መሥሪያ ቤትዎ ባለበት ስቴት ነው። በዲሲ ሜትሮና የከተማው የትራንስፖርት መምሪያ፣ በሜሪላንድ የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የአናሳ ድርጅቶች ቢሮ፣ በቨርጂንያ የአነስተኛ ንግድና የአቅራቢዎች ብዝኀነት መምሪያ ያስተናግዳሉ። በአንድ ስቴት ውስጥ አንድ ጊዜ መመዝገብ በዚያ ስቴት ላሉ የፌዴራል ትራንስፖርት ገንዘብ ተቀባዮች ሁሉ ያገለግላል። ሙሉ ፋይል ከገባ በኋላ ውሳኔ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ 90 ቀን ነው፤ በዳግም ግምገማው መጨናነቅ ሊዘገይ ስለሚችል ግን አንድን የተወሰነ ጨረታ ተስፋ አድርገው አይጠብቁ።

ምስክር ወረቀቱን ካገኘሁ ሥራ ይመጣልኛል?

በራሱ አይመጣም። ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ለተወሰኑ የሥራ ዘርፍ ኮዶች ነው፤ «ጽዳት» ተብሎ የተመዘገበ ድርጅት ለቆሻሻ ማጓጓዝ ሥራ እንደ ዲቢኢ ሊቆጠር አይችልም። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት የትራንዚት መሥሪያ ቤቶች ምን እንደሚገዙ ማየት ይገባል፦ የጣቢያ ጽዳትና የበረዶ ጠረጋ፣ የአፈርና የአስፋልት ማጓጓዝ፣ ምልክትና ሕትመት፣ የደንብ ልብስ፣ የጥበቃ አገልግሎት፣ የትርጉም ሥራ፣ የኮምፒውተር ድጋፍ፣ የአካል ጉዳተኞች ማመላለሻ። ሲልቨር ስፕሪንግን አቋርጦ ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን የሚዘረጋውን የፐርፕል ላይን ባቡር ያየ ሰው፣ 21 ጣቢያ ያለው አንድ ሥራ በስንት ትናንሽ ውሎች እንደሚሸነሸን መገመት አያቅተውም።

ሥራ የሚገኘው በቅድመ ጨረታ ስብሰባ ላይ ነው። የተሳታፊዎቹን ዝርዝር ይዘው ለእያንዳንዱ ዋና ተቋራጭ፣ ጨረታው ከመዘጋቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ዋጋዎን ይላኩ። ጨረታው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው የደረሰ ዋጋ፣ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን፣ ማንም አያነበውም። በዋና ተቋራጭነት መግባት ለጀማሪ የሚከብደው በአብዛኛው በዋስትና ምክንያት ነው፤ ትላልቅ የግንባታ ውሎች 5 በመቶ የጨረታ ማስከበሪያ፣ እንዲሁም የውሉን ዋጋ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የሥራ አፈጻጸምና የክፍያ ዋስትና ይጠይቃሉ።

አውቶቡስና ባቡር ለብቻው ነው። የተሽከርካሪ አምራቾች የዲቢኢ ግባቸውን በቀጥታ ለፌዴራል ትራንዚት አስተዳደር ስለሚያቀርቡ የአውቶቡስ መግዣው ገንዘብ በሜትሮ ግብ ውስጥ አይቆጠርም። የመቀመጫ ጨርቅ የሚሰፋ ወይም መለዋወጫ የሚያቀርብ ድርጅት ማነጋገር ያለበት አምራቹን ነው።

ዋና ተቋራጩ እኔን ሲቀጥር የሚቆጠርለት ምን ያህል ነው?

ዳግም ግምገማው አልቆ የዲቢኢ ተሳትፎ ወደ ግብ በሚቆጠርበት ስቴት ይህን ማወቅ ለድርድር ይጠቅማል። የ100,000 ዶላር ዕቃ ራስዎ አምርተው ካቀረቡ ሙሉው ይቆጠራል። መደብርና ክምችት ያለው መደበኛ ነጋዴ ከሆኑ 60,000፣ ከአምራቹ ጋር የማከፋፈል ስምምነት ያለውና በመንገድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ የሆነ አከፋፋይ ከሆኑ 40,000 ይቆጠራል። ስልክ ደውሎ ሻጭና ገዥን ያገናኘ ደላላ የሚቆጠርለት ኮሚሽኑ ብቻ ነው። የአገልግሎት ወይም የግንባታ ሥራ ከሆነ ደግሞ ከውልዎ ቢያንስ 30 በመቶውን በራስዎ ሠራተኛ ካልሠሩ፣ እውነተኛ ሥራ እንዳልሠሩ ይገመታል።

ሠርቼ ጨርሼ ክፍያው ቢዘገይብኝስ?

ዋና ተቋራጩ ከመሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ ሊከፍልዎ ይገባል፤ ይህ ግዴታ ለማንኛውም ንዑስ ተቋራጭ የሚሠራ ስለሆነ የዲቢኢ ምስክር ወረቀትዎ በግምገማ ላይ ቢሆንም አይቀርም። ሪቴንሽን ተብሎ፣ ማለትም ለሥራው ማረጋገጫ ከክፍያዎ ተቀንሶ የተያዘው ገንዘብም የእርስዎ ሥራ በአጥጋቢ ሁኔታ ካለቀ በኋላ ይለቀቃል፤ ሙሉው ፕሮጀክት እስኪያልቅ አይጠበቅም። ነገር ግን 30 ቀኑ የሚቆጠረው እርስዎ ደረሰኝ ከላኩበት ቀን ሳይሆን ዋናው ከተከፈለው ቀን ነው። ስለዚህ መቼ እንደተከፈለው ከመሥሪያ ቤቱ የዲቢኢ ኃላፊ ይጠይቁ፤ መጠየቅ መክሰስ አይደለም።

አንድ ተቋራጭ «ስምህን ስጠኝና 3 በመቶ ልክፈልህ» ቢለኝስ?

ይህ ወንጀል ነው። በፔንሲልቬንያ አንድ በዲቢኢነት የተመዘገበ ድርጅት ከ1993 እስከ 2008 ስሙን ለሌላ ኩባንያ ሲሰጥ ቆይቶ፣ ሥራውን ሁሉ ያ ኩባንያ በራሱ ሠራተኞች ሲሠራ ተደርሶበታል። ነገሩ ከ136 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆኑ የመንገድና የፊላደልፊያ ትራንዚት ውሎችን የነካ ነበር፤ ስም አከራዩንም ተከራዩንም ለፌዴራል የወንጀል ፍርድ አብቅቷል። ለስም አከራዩ የደረሰው ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ትንሽ ክፍያ ነበር።

ከዲቢኢ ውጭ ሌላ በር አለ?

አለ፤ ዲቢኢ በተናወጠበት በዚህ ጊዜ ችላ የሚባሉም አይደሉም። ሜሪላንድ ከ1978 ጀምሮ በራሱ ሕግ የሚመራ የአናሳና የሴቶች ድርጅቶች መርሐ ግብር አለው፤ አጠቃላይ ግቡም 29 በመቶ ነው። የዲሲ መንግሥት የራሱ ምስክር ወረቀት የሚያየው ድርጅቱ በከተማዋ መኖሩን እንጂ የባለቤቱን ዘር አይደለም። ቨርጂንያ ለአነስተኛ፣ ለሴቶችና ለአናሳ ድርጅቶች የምትሰጠው ስዋም የሚባል ምስክር ወረቀት አላት። ሜትሮም በድርጅቱ መጠንና በአካባቢው መገኘት ላይ የተመሠረተ የአነስተኛ ድርጅቶች መርሐ ግብር አለው። አንድ ድርጅት እነዚህን ጎን ለጎን መያዝ ይችላል፤ የሚጠየቁት ሰነዶች በአብዛኛው ስለሚመሳሰሉም አንዱን ፋይል በሥርዓት ያዘጋጀ ሰው ለሌላው የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ማመልከቻዬ ውድቅ ቢሆንስ?

የውሳኔው ደብዳቤ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ይግባኝ የማለት መብትዎንና ቀነ ገደቡን ከደብዳቤው ላይ ያንብቡ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከውሳኔው ስለሆነ ጠበቃ ፍለጋ ወር ማባከን አያዋጣም። ውድቅ የሆነው ሰነድ ስለጎደለ ከሆነ ከይግባኝ ይልቅ የጎደለውን አሟልቶ የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልፍ እንደገና ማመልከት ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ይግባኝ ሰሚው በመጀመሪያው ፋይል ውስጥ የነበረውን እንጂ በኋላ የተገኘውን ወረቀት ስለማይመረምር ነው።